አባቴ ከቅጥሩ ውጭ

ልጅ ሳለሁ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል እንጂ አይገባም ነበር። መንደራችን ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወረድ ብላ የምትገኝ ናት። እሑድ እሑድ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይነሣል፤ ጋቢውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ እጄን ይዞ እስከ ማርያም ደጅ ይወስደኛል፤ የቅጥሩን ድንጋይ ስሞ እዚያው ከጽዱ ሥር ይቆማል። ቅዳሴው እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም። ዝናብ የነካው ጽድ በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም መጀመሪያ የሚታየኝ ጀርባው ነው።

ምክንያቱን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አባቴና ታናሽ ወንድሙ አያ ምስጋናው አንድ አንድ በሬ ነበራቸው። አቀናጅተው የሁለቱንም መሬት ተራ በተራ ያርሱ ነበር። አንድ ዓመት ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲርስ፣ የአያ ምስጋናው ሚስት እትየ ይመኙ በወሊድ ታመመችና ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ካልደረሰች አትተርፍም ተባለ። አያ ምስጋናው በሬውን ነድቶ ወገዳ ገበያ ሸጠው። ለአባቴ ግን አልነገረውም። አፍሮ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ደንግጦ ነው የሚሉም ነበሩ። አባቴ በማግስቱ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ቢሄድ የሚጠምደው የራሱን በሬ ብቻ ሆነ። ያን ዓመት ማሳችን ጦም አደረ፤ እኛም ዘመድ ባመጣልን ገብስ ክረምቱን እንደምንም ገፋነው።

ሽማግሌ ሲመጣ አባቴ የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር። ቢነግረኝ ኖሮ የእኔንም በሬ ጨምረን እንሸጠው ነበር ይላል። እውነቱን ነው፤ ያደርገው ነበር። የወንድሙን ሚስት ከሞት ለማትረፍ በሬውን የሚሰጥ ሰው፣ በሬው ሳይነገረው ስለተሸጠ ወንድሙን አላይም ማለቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው፤ ነፍሱን ይሰጥሃል፣ ኩራቱን ግን አትንካበት።

መቼም «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ ወይ ይታረቃል፣ ወይ እንዳልሰማ ሆኖ ያስቀድሳል። አባቴ ግን የራሱን ፍርድ ፈረደ። ቂሙን መተው ስላልቻለ ቤተ ክርስቲያኑን ተወ። «እኔ ሳል ይዤ አልሰርቅም» ይል ነበር፣ ትልቅ ነገር የተናገረ እየመሰለው። ከጽዋ ማኅበሩም ወጣ። ጦሙን ይጦማል፣ ለነዳያን ይመጸውታል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን ከቅጥሩ ውጭ ሆኖ ነበር።

እኛ ልጆች በቅጥሩ ዙሪያ ድብብቆሽ ስንጫወት፣ ጓደኞቼ የአባትሽ ቦታ ከውሾቹ ጋር ነው እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። ውሻ ከቅጥሩ አይገባምና። ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር እንጂ ለምን እንደማለቅስ ለእናቴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ቅዳሴ ሲወጣ አያ ምስጋናው በእኛ በኩል ያልፋል። «አያ፣ እንደምን አደርህ?» ይላል። አባቴ ፊቱን ወደ ድንጋዩ ያዞራል። አያ ምስጋናው ትንሽ ይጠብቅና ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጎ፣ ከጸበል ጸዲቁ የቆረሳትን ዳቦ እጄ ላይ ያኖርልኛል። አባቴ ዳቦዋን ሳኝክ ይሰማል፤ አትብዪ ብሎኝ ግን አያውቅም። እንዲህ ሆነው ዓመታት አለፉ።

የስቅለት ዕለት ነበር። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ ኪርያላይሶን እያለ ይሰግዳል። አባቴም ከውጭ፣ ኮረቱ ላይ፣ ግንባሩ አፈር እስኪለብስ ሰገደ። ሲመሽ ሰዉ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እያደረጉት ስግደቱን እየተቀበለ ወጣ። አያ ምስጋናው አልወጣም። አባቴ ወደ በሩ ያያል፣ መሬት ያያል፣ ደግሞ ወደ በሩ ያያል። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ቄስ ሞላ ወይራቸውን እንደያዙ ወደ እኛ መጡ። ምስጋናው አልጋ ከያዘ እንደሰነበተ፣ እህልም እንደማይወስድ ነገሩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ፈንታሁን፣ ያ ተረት ቂምህን እንድትጥል ነበር የተነገረህ። አንተ ጸሎትህን ጣልህ።»



በማግስቱ ጠዋት ቄጤማ የሚያድሉት ካህናት ገና መንደር ሳይደርሱ፣ አባቴ ከአጥሩ ሥር አንድ ድፍን ድንጋይ ፈንቅሎ ማጅራቱ ላይ አኖረ። ድንጋይ ተሸክሞ እርቅ የሚለምነው በዳይ ነው። እናቴ ደንግጣ፣ የተበደልከው አንተ አይደለህም ወይ አለችው። የበደልኩትን እኔ አውቀዋለሁ ብሎ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። በመንገዱ የምናገኘው ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ቄጤማ ጭንቅላቱ ላይ አስሮ፣ አባቴን ሲያይ ዳር ይዞ ያሳልፈናል። አንዳንዶቹ ደስ ብሏቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ከአያ ምስጋናው ቤት በፊት ያለውን ወንዝ ሳንሻገር ዋይታው ተሰማ። አባቴ ቆመ። ድንጋዩን የሚጥለው መስሎኝ ነበር፤ አልጣለውም። ጎንበስ እንዳለ ተሻገረ፣ ግቢው ገባ፣ በለቀስተኛው መካከል አልፎ ከደጁ ተንበረከከ። ድንጋዩን አውርድ የሚለው የተበደለው ነው፤ የተበደለው ደግሞ ውስጥ ተገንዟል። ማን ምን ይበል?

እትየ ይመኙ ወጣች። ፀጉሯ ተበትኗል፣ ደረቷ ከመደቃት ብዛት ቀልቷል። ድንጋዩን በሁለት እጇ አንሥታ መሬት አኖረችው።

«አያ፣ እሱ እርስዎን መቼ ተቀይሞ ያውቃል። ይመጣል ሲል ነው የኖረ።»

አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ አባቴ ንስሐ ገባ፤ ቄስ ሞላ ቀኖናውን ሰጡት፣ ሲጨርስም እግዚአብሔር ይፍታህ አሉት። የወንድሙን የሙት ልጆች መሬት አርሶ አሳደጋቸው። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ ቀርቶ አያውቅም።

እኔ ዛሬ ንፋስ መውጫ ልጆች ወልጄ እኖራለሁ። አሁን ከቅጥር ውጭ የሚቆም ሰው አላይም። ከጎረቤታችን፣ ከእኅታችን ተኳርፈን ሰተት ብለን ገብተን ጎን ለጎን እናስቀድሳለን። የተቀየመም በስልኩ የአበባ ሥዕል ይልክና ታረቅሁ ይላል። የአባቴ መንገድ ስሕተት እንደነበር አውቃለሁ፤ አንድ ሰው ሳይጨባበጥ እንዲሞት አድርጓል። ቢሆንም እግዚአብሔርን ይፈራ ነበር፤ የእኛ ፍርሃት ወዴት እንደሄደ እንጃ።

ባለፈው ፋሲካ ልጠይቀው ወርጄ ነበር። ዓይኑ ደክሟል፣ በዘንግ ነው የሚሄድ። አብረን ደጅ ፀሐይ ስንሞቅ፣ መቼም እግዚአብሔር ይቅር ብሎሃል፣ ለምን ልብህ አያርፍም አልኩት። ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሞ መለሰልኝ።

«ምስጋናው ተቀይሞኝ ቢሆን እንኳ ይሻለኝ ነበር።»