ዐሥራ ሁለቱ ጽዶች

ይህን የምጽፈው አያቴ ስለ ተከሏቸው ዐሥራ ሁለት ጽዶች በቢቸና የሚወራው ትክክል ስላልሆነ ነው። ጽዶቹን ባለፈው ሳምንት አስቆረጥናቸው። «አፈራቸው ሳይደርቅ የልጅ ልጆቻቸው ግቢውን መላጣ አደረጉት» ተባለ። የቆረጥነው ግን በራሳቸው ቃል ነው። የቃሉም መነሻ እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ወደ ሞጣ የሄድንባት አንዲት ቅዳሜ ናት።

አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ስለሚሏቸው እኛም በቤት ውስጥ ሌላ ስም አናውቅላቸውም። መምህር በሆኑበት ዓመት፣ ለጉባኤ ቤት የሚስማማው ጽድ ነው ብለው፣ አባታቸው ያቆዩትን ሁለት ዋንዛና አንድ ወይራ ቆረጡ፤ በቦታውም ዐሥራ ሁለት ጽድ ተክለው ለእያንዳንዱ የሐዋርያ ስም አወጡለት። በበሩ አጠገብ የቆመው ጴጥሮስ ነበር። «ይሁዳስ የቱ ነው?» ስንላቸው «ገና አልተገለጠም» ይሉን ነበር።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት በነበረው ዓመት ሞጣ ዳር ለአገር በቀል ዕፅዋት የተከለለ ሥፍራ መከፈቱን ሰማን። አገር በቀል ችግኝ ይዞ ለመጣ ሰው ችግኙ ይተከልለታል፤ የፈለገው ስምም በቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ይንጠለጠልለታል ተባለ። የኔታ ከጴጥሮስ ሥር የበቀለ ችግኝ በዘይት ጣሳ አሳደጉ። የሚያስጽፉት የአባታቸውን ስም ነበር። ለእናቴ ሲነግሯት ሰምቻለሁ፦ «የአባቴን ዛፎች ቆርጫለሁ። ከመሞቴ በፊት ስሙን እንኳ በአንድ ዛፍ ላይ ልመልስለት።»

ከመስቀል በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ በማለዳ፣ በተከራየነው ሚኒባስ ተነሣን። እናቴ በኮባ ጠቅልላ የጋገረችው ድፎ ዳቦ ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። እኔ ከደብረ ወርቅ ማዶ አልፌ ስለማላውቅ በመስኮቱ ላይ ተለጥፌ ነበር፤ መንገዱ ሲያነጥረን እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ጤፉ በግራና በቀኝ አረንጓዴ ሆኖ ይተኛል፣ ይነሣል። ሾፌሩ የኔታ ጣሳውን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ አይቶ፦

«የኔታ፣ ጣሪያው ላይ ላስርልዎ?» አላቸው።

«አባቴን ጣሪያ ላይ ልታስረው ነው?»

ጉንደ ወይን እስክንደርስ ሳቁ አላባራም።

በበሩ የተቀበለችን አስጎብኚ ወጣት ነበረች። የኔታ ስሟን ጠየቋት።

«ትርንጎ» አለቻቸው።

«አንቺስ አገር በቀል ነሽ?»

«የሞጣ ተወላጅ ነኝ፣ የኔታ። ፍሬውን ግን አላውቅልዎትም።»

መልሷ ደስ አላቸው። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ሰጧት። እሷም ቅጠሉን በጣቶቿ አሻሸችና አሸተተችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእናት ዛፉን ፍሬ ባየው ይሻላል» አለች።

እኔ በጽዶቹ ፍሬ ብይ ስለምጫወት ኪሴ ሙሉ ነበር። ለማገዝ ቸኩዬ እፍኝ ሙሉ ዘረገፍሁላት። አንዱን አንሥታ በድንጋይ መታችው፤ እንደ እንጨት ተሰነጠቀ። ከኋላዋ ከቆመው ረጅም ዛፍም አንዲት ለስላሳ፣ ጠቆር ያለች ፍሬ ቀጥፋ በየኔታ መዳፍ ላይ አኖረችላቸው።

«የሐበሻ ጽድ ፍሬው ይህ ነው፤ ወፍ ይበላዋል። የእርስዎ የፈረንጅ ጽድ ነው፣ የኔታ። ልንተክለው አንችልም።»

ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንደሚባል ማንም ያውቃል፤ የኔታም የያዙት ያንኑ ቃል ነበር።

«ባዕድ ቢሆንስ ምን አለበት፣ ልጄ? ዐሥራ ሁለቱም ጸድቀዋል።»

«ጸድቀዋል፣ የኔታ» አለች ትርንጎ በአክብሮት። «በማን ቦታ?»

ስለ ተቆረጡት ዛፎች አንዳች አታውቅም ነበር። እናቴ ፊቷን አዞረች። የኔታ ግን በመዳፋቸው ላይ ያለችውን ፍሬ ተመለከቱና፣ ቅኔው ለሠመረለት ተማሪ እንደሚሉት፣ «ይበል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ዋንዛ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ወይራስ?»

ከዚያ በኋላ ቀኑ እንደ አዲስ ጀመረ። እንደሚያዝኑ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ለእኔ ሰጥተው ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተጣደፉ፣ በየቆርቆሮው የተጻፈውን ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ዝግባውን አቀፉ። ቀጋው ሲወጋቸው ሳቁ። የማያውቁት ስም ሲያገኙ ትርንጎን እንደ ተማሪ ይጠይቋታል፤ እኛም ዳቦ በእጃችን ይዘን ከኋላቸው እንሮጣለን። ሰው በተሸነፈበት ቀን ያን ያህል ሊደሰት እንደሚችል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስንመለስ በጣሳው ውስጥ በጽዱ ፋንታ ሁለት የዋንዛና አንድ የወይራ ችግኝ ነበሩ። የኔታ ከፊት ወንበር ዞረው ወደ እኔ አመለከቱ።

«ይሁዳው ተገለጠ።»

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ ሳለ ጣሳውን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና፣ «እንግዲህ አንተ ተሸከም» አሉኝ።

ከሦስቱ አንዱ ዋንዛ አልጸደቀም። የቀሩት ሁለቱ በጽዶቹ ጥላ ሥር ቀጥነው አደጉ። የኔታ በሕይወት ሳሉ ሐዋርያቱን መቁረጥ አልቻሉም። በመጨረሻው ሕመማቸው ግን፣ «እኔ ስሄድ ለሁለቱ ፀሐይ ስጧቸው» አሉን፤ ሰጠናቸው። ዛሬ ግቢው ገና ሙጫ ሙጫ ይሸታል፣ በወይራው ላይም ብርሃን ያርፍበታል።

የጠፋው ይህ ነው፦ ሦስት ዋንዛ፣ አንድ ወይራ፣ ዐሥራ ሁለት ጽድ፣ አንድ የኔታ።