በፍርግርጉ በኩል የዳሰስኩት አንገት

ከምሠራበት ክሊኒክ አስረው ሲወስዱኝ ጋዋኔን እንኳ አላወለቅኩም ነበር። ያስገቡኝ ነቀምቴ ውስጥ አንድ የቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነው፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የተቀመጡት እስረኞች ቦታ ለቀቁልኝ። ምን አድርገህ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ቢላ ከምትባለው ከተማ የመጣ ሰው ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ሰድቦን አያውቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተረኛ ሳይሆን፣ በጋቢ የተጠቀለለች ልጅ ታቅፎ ወደ በሩ መጣ።

«ሐኪሙ፣ ኢንተላ ኮ… ልጄ ናት። እስኪ እያት።»

አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ቢላ እያለች ጉሮሮዋን አሟት፣ ቶንሲል ነው ተብሎ ኪኒን ተሰጥቷታል። ትኩሳቱ ሲብስ እናቷ ወደ ነቀምቴ ልታመጣት ተነሣች፤ መንገዱ ግን በተኩስ ምክንያት ተዘግቶ ሰነበተ።

እጄን በበሩ ፍርግርግ አሾልኬ አንገቷን ዳሰስኩ። በግራ በኩል አብጧል። ከጆሮዋ ሥር ወደ ታች እንደ ገመድ የጠጠረ ነገር ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ስነካት ለማልቀስ እንኳ ትንፋሽ አጠራት። የጉሮሮ ቁስል ወደ አንገት ደም ሥር ዘልቆ ደሙን ሲያረጋው፣ የረጋው ደም እየተቆረሰ ሳንባ ውስጥ እንደሚገባ ተምሬያለሁ። በዚህ ዕድሜ ልጅ ላይ ግን አይቼ አላውቅም።

«ምንድን ነው?» አለኝ።

«አንገቷ ላይ ያለው ደም ሥር ውስጥ ደም የረጋ ይመስለኛል። ሆስፒታል ውሰዳት። አንገቷን በአልትራሳውንድ እዩልኝ በላቸው።»

«ትድናለች?»

«አሁኑኑ ሂድ» አልኩት።

ባጃጅ ሲነሣ ሰማሁ። ትኩሳቷ መዳፌ ላይ ቀርቷል። የማደርገው ስላጣሁ እጄን ጭኔ ሥር ሸጉጬ ተቀመጥኩ።

ከቀናት በኋላ አባቷ ፀጉሩን ተላጭቶ ሥራ ገባ።

«ያልከው ነው አሉ። መድኃኒቱንም በደም ሥሯ ጀመሩላት» አለኝ። «ሳንባዋ ግን አልቻለም።»

መጀመሪያ የተነሡት አጠገቤ የነበሩት፣ ከወሎ በሰፈራ የመጡት ሽማግሌ ናቸው። «ዋቀዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» አሉት በወሎ ለዛቸው፤ እግዜር ያጽናህ ማለታቸው ነው። እኛም ቆመን ደገምነው። የጠባቂዎቹ አለቃ ከውጭ «ተቀመጡ!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልተቀመጠም። ጠባቂው ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አልቅሶ እስኪወጣለት ድረስ ቆመን ጠበቅነው።

ከተፈታሁ በኋላ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ጉሮሮውን የታመመ ሕፃን ሲመጣልኝ አንገቱን ግራና ቀኝ እዳስሳለሁ፤ እስካሁን ሌላ አልገጠመኝም። ያን ቀን ነፃ ሰው ብሆን ኖሮ ምን እጨምርላት እንደነበር አላውቅም። ሌላው ቢቀር ባጃጁ ውስጥ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር።