በጸሎቱ ጸ፣ በፀሐዩ ፀ

ባለፈው ሳምንት ለአዲሱ መታወቂያ ቀበሌ ሄጄ ወረፋ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ስሜን ጻፈች፣ ጠበቀች፣ እንደገና ጻፈች።

«እትዬ፣ የሉም» አለችኝ።

«ከፊትሽ ቆሜ እንዴት ነው የሌለሁት?»

«ሲስተሙ ላይ ነው የሉም ያልኩት።»

እሷ ምን ታውቃለች። ጠረጴዛውን ይዤ «እስቲ ጽጌን በፀሐዩ ፀ ሞክሪው» አልኳት። ሞከረችው፤ ከነአባቴ ስም ወጣሁ። ልጅቷ ሳቀች። ሁለቱ ፊደሎች ድምፃቸው አንድ ነው፣ ማን ሲለያቸው ይውላል? እኔ ግን ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ልቤ እስኪረጋ ጠበቅሁ።

ነገሩ የቆየ ነው። ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ፣ ኮምፒውተር ተምሬ እንደ ተመረቅሁ፣ ሰቆጣ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተቀጠርኩ። አገሬ ስለ ገባሁ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታው ታዲያ አለቃዬን እስካይ ድረስ ነው። አቶ ካሣ ይባላሉ፣ በንጉሡ ሠ። እንዲህ የምለው እሳቸው እንዲህ ስለሚሉ ነው። ቤተ ክህነት የተማሩ ሰው ናቸውና ስማቸውን በእሳቱ ሰ የጻፈ ሰው ደብዳቤው በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ይመለስለታል። እኔና ሞላ «ንጉሡ መጡ» እያልን እናማቸዋለን። ሞላ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ቦታ መለኪያውን ጂፒኤስ ይዞ ገጠር ለገጠር ሲዞር ፊቱ ከስሏል።

የዚያን ዓመት በልጉ ቀረ። ግንቦት ገባ፣ ሰማዩ እንደ ተጠረገ ነው። ገበያ ላይ ከብቱ በዛ፣ ገዢ ጠፋ፤ ሽሮው ሳይቀር አቧራ አቧራ ይላል። በየመንደሩ ምንጭ እየደረቀ ውሃ በቦቴ መኪና ይመላለስ ጀመር። ቦቴው የት የት እንደሚሄድ የሚያሳይ ካርታ አስፈለገ፤ የድሮው የካርታ ፕሮግራም ደግሞ ፈቃዱ አልቋል ብሎ አልከፈትም አለ። አቶ ካሣ ጠሩኝና «ተምረሽ የለ፣ አምጪ እንጂ» አሉኝ።

የነበረኝ አስተማሪዬ የሰጠኝ ሲዲ ብቻ ነው፤ ማንም በነፃ ወስዶ የሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች። ሊኑክስ ከሥር፣ በላዩ የመንደሮቹን መረጃ የሚይዘው ፖስትጂስ፣ ከሁሉ በላይ ካርታውን ስሎ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያቀብለው ጂኦሰርቨር። ሰርቨር ያልነውም ጥግ ላይ የጠረጴዛ ልብስ ለብሶ የኖረ ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ሲዲውን ስከት ገና ከመጀመሪያው «በዚህ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?» ብሎ ጠየቀኝ። ዲስኩ ላይ የዞኑ የውሃ ነጥብ፣ ምንጩም ጉድጓዱም፣ በሙሉ ነበረበት። ሞላ ገልብጫለሁ ብሎኛል፤ ቢሆንም ደጋግሜ ስጠይቀው ሰለቸውና «ገልብጫለሁ አልኩሽ እኮ፣ እንዴት ያለሽ ፈሪ ነሽ» አለኝ። ፈሪ ነኝ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም። መብራቱ ብልጭ ባለ ቁጥር ወደ ማሽኑ እሮጣለሁ። ፖስትጂሱ ሲነሣ ጂኦሰርቨሩ ይተኛል፤ እሱን ስቀሰቅስ ይኼኛው ይወድቃል። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዋግ ተራሮች ከነወንዞቻቸው በሞላ ኮምፒውተር ላይ ወጡ። የመንደሮቹ ስም ግን ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኖ ነበር የሚታየው፤ ማሽኑ የኛን ፊደል መሳል አልቻለበትም። ቦቴው ቆሞ ይጠብቃልና ስሙን ትተን ነጥቡን ብቻ አተምነው። ሞላ በጂፒኤስ የለካውን ቦታና ከየወረዳው የመጣውን የደረቁ ምንጮች መረጃ ማሽኑ በመንደሩ ስም ያገናኛል፤ የተገናኘው ላይ ቀይ ነጥብ ይጥላል። ቀይ ወዳለበት ቦቴው ይሄዳል። ሾፌሩ ጋሽ አያሌው ካርታውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ሥራው ተጀመረ።

አንድ የገበያ ቀን ከአቶ ካሣ ክፍል ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ገቡ። አያ ወልዴ እባላለሁ አሉ። አፋቸውን የፈቱት በኻምጣንጋ ስለሆነ አማርኛቸውን እየመረጡ ነው የሚናገሩት።

«ቦቴው በታች በኩል ሄደ። ጠበቅነው። ሲመለስ ባዶውን ነው፣ እሱም ሄደ።»

አቶ ካሣ ካርታውን ዘረጉ። «ከየት ነው የመጡት፣ አባቴ?»

«ጻድቃን አምባ።»

ጆሮዬ ጭው አለ። ጻድቃን አምባ ያለችው እትዬ ብርቄ ናት፤ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ አክስቴ። እግሯን ታማ ተኝታለች። ሰው ውሃ ካላመጣላት ወንዝ የምትወርድ አይደለችም።

«እዚህ ላይ በስማችሁ የወጣ ቀይ የለም» አሉ አቶ ካሣ ቀስ ብለው።

ሽማግሌው ካርታውን አዩና ወደኔ ዞሩ። «ስማችን ምን አጠፋ?»

ወደ ክፍላችን ሮጥኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጬ ጻድቃን አምባን ከሞላ ልኬት ውስጥ ፈለግሁ። አልተገኘም። እንደገና ጻፍኩ፣ አልተገኘም። ያ «አዎ» ብዬ የተጫንኩት ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። መንደሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ከጠፋ ደግሞ ሌላ ስንት ጠፍቷል? ከወዲያ ሞላ «ይኸው፣ እኔ ጋ አለ እኮ» ይላል። ያው አንዱ ሰርቨር ነው፤ ለሱ የሚያሳየውን ከኔ ይደብቃል። እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ።

አቶ ካሣ ተከትለውኝ መጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው አንዴ የኔን፣ አንዴ የሞላን ስክሪን አዩ።

«ንጉሡ ትሉኛላችሁ አይደል» አሉ። «ያንቺ ጸሎቱ ጸ ነው። የሱ ፀሐዩ ፀ ነው።»

ሞላ ሜዳ ላይ በፀሐዩ ጽፏል፤ ወረዳው በጸሎቱ ልኳል። ለኛ አንድ አገር ነው፤ ለማሽኑ ሁለት። አንዱ ጻድቃን አምባ ውሃ ጠምቶታል፣ ቦታ የለውም። ሌላው ፃድቃን አምባ ቦታ አለው፣ አልጠማውም። ከዚያ ስንፈትሽ የዝቋላ ወረዳዋ ከተማ ጽጽቃ ራሷ ሁለት ሆና ተገኘች። አቶ ካሣ ቆመው ፊደል እየጠሩ፣ ሞላ እየጻፈ፣ የጠፉት መንደሮች አንድ በአንድ ቀይ ሆነው ብቅ ብቅ ሲሉ ደስ አላለኝም። እያንዳንዱ ነጥብ ቦቴ ሲያልፍ ቆሞ ያየ ሰው አለበት።

«አንቺ ሂጂ» አሉኝ አቶ ካሣ። «መንገዱን ታውቂያለሽ።»

ጋሽ አያሌው መሪው ላይ፣ አያ ወልዴ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሀል። ቁልቁለቱ ላይ ውሃው ከኋላ ሲንቦጫረቅ መኪናው ወደ ገደሉ የሚስበን ይመስለኝ ነበር፤ የፈራሁት ግን ገደሉን አልነበረም። አያ ወልዴ ከኩታቸው ጫፍ ቆሎ ፈተው ዘገኑልኝ። ቆሎውን ጨብጬ ያዝኩት። «እትዬ ብርቄን መቼ ነው ያዩዋት?» ልላቸው አፌን እከፍትና እዘጋለሁ። «አይ፣ እሷ እኮ» ቢሉኝስ?

የመንደሩ መታጠፊያ ላይ ሰው አልነበረም። ጋሽ አያሌው ጥሩምባውን ነፉ። ማንም አልወጣም። እንደገና ነፉ። ከመኪናው ዘልዬ ሮጥኩ፤ የእትዬ ብርቄን በር ስገፋው ውስጡ ጨለማ ነው፣ ዝም ያለ ነው።

«እቴቴ» አልኩ።

«ጽግዬ?» አለ የእሷ ድምፅ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ መደቡ ላይ እንደ ልጅ ተኮራምታለች። የጎረቤት ልጆች ከወንዙ አሸዋ ውስጥ እየጫሩ በጣሳ እያመጡ አቆይተዋታል፤ ሕዝቡም ያን ሰዓት እዚያው አሸዋው ላይ ነበር። አቅፌያት አለቀስኩ።

«ጥሩምባውን አልሰማሽም?» አልኳት።

«ሰማሁት እንጂ። ባለፈውም ሰምቼዋለሁ፣ በዚያኛውም። ለሌላ አገር ነው ብዬ ተኛሁ። እኛን ማን ይጠራናል ብዬ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰርቨር ተክያለሁ። ከዚህ የተሻለ ማሽን፣ ከዚህ የተሻለ ሶፍትዌር፣ ፊደሉን ሳጥን የማያደርግ። ሁሉም ላይ መጀመሪያ የማስተምረው ነገር ሁለቱ ጸ አንድ መሆናቸውን ነው። እትዬ ብርቄም ብዙ ዓመት ኖራ አርፋ፣ በወጉ ተቀብራለች። ግን ያ ፍርሃት አልለቀቀኝም፤ «የሉም» ሲሉኝ ጠረጴዛውን ያስያዘኝም እሱ ነው።

ከቀበሌው ድንጋይ ላይ ተነሥቼ ቤቴ ገባሁ። ማታ ማታ በሰፈራችን ውሃ የሚያድል ቦቴ ያልፋል። እኛ ቤት ውሃ አለ፤ ባለቤቴም «አንቺን አይደለም የሚጠራው፣ ተቀመጪ» ይለኛል። አውቃለሁ። ጥሩምባው ሲነፋ ግን ተነሥቼ በር ላይ እቆማለሁ።