ቀይ የተቀቡት ችካሎች

ድልድዩ ዛሬ ያለው ከመንደራችን የግማሽ ቀን መንገድ ወረድ ብሎ ነው። ሊሠራ የነበረው ግን ከጓሮዬ በታች ነበር። ያስቀረው ሽፍታ ወይም ባላባት አይደለም፤ እኛው ነን። ከእኛም መካከል እያወቀ ያጠፋው እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ያኔ ጎጃም ውስጥ ገመድ ይዞ ማሳ የገባን ሰው ያህል የሚፈራ አልነበረም። መሬት በቀላድ ተለካ ማለት ግብር ተጨመረ፣ ሲቀጥልም ርስት ተነጠቀ ማለት ነው ብለን እናምን ነበር። አንድ ቀያሽ ከሁለት ረዳቶቹ ጋር ከደብረ ማርቆስ መጥቶ፣ ባለ ሦስት እግር መነጽሩን ወንዙ ዳር አቁሞ፣ ራሳቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች በየማሳው ሲቸክል ታዲያ አገሩ ታመሰ።

ሰውየው ያረፈው እኔ ቤት ነበር፤ ለወንዙ የሚቀርበው የእኔ ቤት ነውና። ምሳ እየበላን ጠየቅሁት።

“ጌታዬ፣ የሚለኩት ምንድን ነው?”

“ለድልድይ ነው” አለኝ። “ከአውራ ጎዳናው የሚገነጠል መንገድ ይሻገርበታል። ድንጋይና አሸዋ እናንተ ታቀርባላችሁ፤ ሲሚንቶውና ግንበኛው ከመንግሥት ነው። ክረምት ከበጋ ደብረ ማርቆስ ትደርሳላችሁ። ለአገሩ ሰው አንተ ንገርልኝ።”

ወረቀቱን ዘርግቶ አሳየኝ። መንገዱ የጌሾ ጓሮዬን መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል። ትንሽ ዞር ቢል ምን አለበት ብዬ ለመንኩት። በመንደራችሁ ድልድዩን የሚሸከም አለት ያለው እዚህ ብቻ ነው አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከወይራው ሥር ሰበሰቡን። አንደኛው ወደ እኔ ዞሩና፣ “እንግዳው አንተ ዘንድ ነው ያረፈው። ምን ሊሠራ እንደመጣ ነግሮሃል?” አሉኝ። ሕዝቡ ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ጌሾዬን ነው።

“እኔ ምን አውቄ፣ አባቴ” አልኩ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ያን ቀን ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ችካል በማሳው ያቆየ ውጉዝ ይሁን ተባለ። ሰኞ ማለዳ ሁሉም ነቀለ። ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት ጎረቤቴ፣ አበልጄ፣ ወንዙ ዳር ያለውን ትልቁን ችካል ታግሎ ነቀለው። እኔም ከጌሾዬ መሃል የቆመውን ነቀልኩ። ቀያሹ አልተቆጣም። መነጽሩን በበቅሎ አስጭኖ ሲሰናበተኝ፣ “ለምን አልነገርካቸውም?” ብቻ አለኝ።

ድልድዩን የታችኛው አገር ሰዎች ወሰዱት። ሁለት በጋ ወንዱ ድንጋይ፣ ሴቱ አሸዋ ሲያመላልስ ከርሞ አለቀላቸው። የጭነት መኪና ገባ። ገበያው ወደ እነሱ ዞረ፤ ጤና ጣቢያውም ትምህርት ቤቱም ተከትሎ ሄደ። እኛ ጤፋችንን በአህያ ግማሽ ቀን ነድተን፣ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ጥለን እንመለስ ጀመር። ጌሾዬ ለመለመ፤ ደጄ ድረስ መጥቶ የሚገዛኝ ግን ጠፋ።

በሦስተኛው ክረምት የአበልጄን ሚስት ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን ሙሉ አማጠች። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እናድርሳት ብለን በቃሬዛ ይዘናት ወጣን። ወንዙ ሞልቷል። በታችኛው ድልድይ ለመሻገር ዞረን ስንሄድ መንገድ ላይ አረፈች፤ ልጁም በሆዷ ቀረ። የቃሬዛው አንዱ ጫፍ እኔ ትከሻ ላይ ነበር።

በዓመቱ አበልጄ ቤቴ መጣና በቅሎውን ደጄ ላይ አሰረ። ማሰሪያው ያ ከጌሾዬ የነቀልኩት ችካል ነው፤ እንጨቱ ጥሩ ስለነበር መጣሉ አሳዝኖኝ ነበር። የደበዘዘውን ቀይ ቀለም ብዙ አየው።

“እሷን የገደልኳት እኔ ነኝ” አለ። “የድልድዩን ችካል በእነዚህ እጆቼ ነቀልኩት። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። በየክረምቱ መሻገሪያው ላይ ቆመህ መንገደኛ አሻግር ብለውኛል።”

“አንተ ምን ታውቅና ነው?” አልኩት።

“ማናችንም አላወቅንም። የሚያውቅ ቢኖርማ ይነግረን ነበር” አለ።

ሊነካኝ ብሎ አልነበረም፤ ከልቡ አምኖ ነው። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ግማሹን ኃጢአት፣ ከግማሽም የሚበልጠውን፣ ከጫንቃው ላወርድለት እችል ነበር። አፌን ከፈትኩና፣ “ግባ እንጂ፣ ጠላ ቅመስ” አልኩት።

ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥሮ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ እየቆመ ሰው ያሻግራል። ደካማውን ያዝላል፤ እርጉዝ ስትመጣ ደግሞ ሰው ጠርቶ በቃሬዛ ያሻግራታል። ሰው ይመርቀዋል። እኔ ከእሱ ጋር ላለመገናኘት ስል በሩቁ ድልድይ ስዞር ኖርኩ። አንድ ሐምሌ ግን እህቴ ማዶ ሞተች ተባልኩና ለቀብሯ መድረስ ነበረብኝ። ወደ መሻገሪያው ወረድኩ። አበልጄ ከሩቅ አየኝ፤ ከውሃው ወጥቶ ጎንበስ አለና ጀርባውን ሰጠኝ።

“ና አበልጄ፣ አንተ እንኳ አትከብደኝም” አለ።

ዝም ብዬ ታዘልኩ።