የፍሬኑን ፔዳል የረገጥኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ አንድ የጎረቤት ልጅ የመኪናውን የኋላ ጎማ ፈትቶ ከሥሯ ተጋድሞ አገኘሁት። የፍሬኑን ሸራ በገዛ እጁ ቀይሮ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ሊጥ እየሰመጠ አስቸግሮታል። “ማዘር፣ አንዴ ገብተሽ ትረግጪልኝ? ያዢ ስልሽ መያዝ ብቻ ነው” አለኝ። እግሬን ያመኛል ብዬው አለፍኩ። እግሬን አያመኝም። ቤቴ ገብቼ የያዝኩትን ጎመን ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩና ተቀምጬ አለቀስኩ። ወደ ስልሳ የተጠጋች ሴት ለፍሬን ስታለቅስ ያያት ሰው ምን ይላል? ምክንያቱን ልናገርና ይውጣልኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሰባዎቹ መጨረሻ ገደማ። መካኒሳ ነበር የምንኖረው። ያኔ መካኒሳ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነው። ከአጥራችን ጀርባ ወደ ላፍቶ የሚወስደው ሜዳ ሁሉ እርሻ ነበር፤ በጥቅምት የባቄላ እሸት ከነግንዱ እየገዛን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን እንፈለፍላለን። ነፋሱ ሲዞር የፋብሪካው የአልኮል ሽታ ይመጣል። እንግዳ አፍንጫውን ሲይዝ እኛ ምን እንደሸተተው አይገባንም ነበር።

አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ለራሱም ከአንድ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛት ግራጫ ቮልስ ነበረችው። ሃያ ዓመት ሲነዳ ዶሮ እንኳ አልገጨም፤ ይህን ለሰው ሲናገር ሁልጊዜ እንጨት ይነካል። ወንድሜ ታምራት በአንድ ዓመት ይበልጠኛል፣ እንደ መንታ ነው ያደግነው። ብርጭቆ ስሰብር “እኔ ነኝ” ብሎ የሚቆነጠጠው እሱ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምት ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለና ከከተማው ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ወደሚያስኬድ ማሰልጠኛ ወሰዱት።

አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ አብሮት የሚሰለጥን ልጅ አጎት በራችንን አንኳኳ። “ነገ ወደ ሰሜን ይጫናሉ። ልታዩት ከፈለጋችሁ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ድረሱ። ታምራት ‘በመኪናችን ኑ’ ብሏል” አለን። እናቴ ገብታ ዳቦ ቆሎ መጥበስ፣ ጭኮ ማሸት ጀመረች። ቤቱ በቅቤና በገብስ ዱቄት ሽታ ታፈነ።

መኪናዋ ግን ክሪክ ላይ ተሰቅላ ነበር። የኋላ ጎማዋ የፍሬን ዘይት ሲያፈስ አባባ ዘይቱን አፍኖ የሚይዘውን ያረጀ ጎሚኒ ራሱ ቀይሮ ገጥሞታል። የቀረው አየሩን ማስወጣት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ቅዳሜ ጠዋት መሪው ጋ አስቀመጠኝና አስረዳኝ። “ስትረግጪ እኔ ትንሿን ብሎን እከፍታለሁ፣ አየሩ ከዘይቱ ጋር ይወጣል። ብሎኗን ሳልዘጋ ከለቀቅሽ ግን አየሩን መልሳ ትስባለች። ልቀቂ እስክልሽ ድረስ ሰማይ ቢወድቅ እንዳትለቂ።”

አጭር ስለሆንኩ መቀመጫው ጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ ነው የምረግጠው። የኮንጎ ጫማዬ ሲያንሸራትተኝ አውልቄ በባዶ እግሬ ቀጠልኩ። “ርገጪ፣ ርገጪ፣ ያዢ። ልቀቂ።” መጀመሪያ በደንብ ያዝኩ። ከዚያ ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሐሳቤም ታምራት ጋ ሄደ፤ ፀጉሩን ተላጭቶ ምን ይመስል ይሆን፣ ምን ብዬ አቅፈዋለሁ እያልኩ። አንዴ ሳይለኝ ለቀቅኩ። ጩኸት የለም፣ ቁጣ የለም። አባባ ከሥር ሆኖ አላየኝም። እግሬ ያቺን ዕረፍት ወደዳትና ደጋግሞ ሰረቃት።

ፔዳሉ አልጠነክር አለ። አባባ እየወጣ ይረግጠዋል፣ ይሰምጣል፣ ተመልሶ ይገባል። “አንድ ዙር ብቻ፣ አሁን አለቀች” ይላል። አምስት ሰዓት ሲሆን እማዬ ስንቁን ይዛ ወጣች።

“በአውቶብስ እንሂድ እንጂ፣ አሁንም አለ።”

“አስቴር፣ ልጁ በመኪናችን ኑ ብሏል። አንድ ዙር።”

በዚያች ደቂቃ ነው የገባኝ። ቀድሜ ስለቅ ፔዳሉ ከሥር ሲምገኝ በእግሬ ተሰማኝ። አየሩን ስመልስ ያረፈድኩት እኔ ነበርኩ። ግን እንዴት ብዬ ልናገር? የፍሬን ዘይት በዚያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ የሚገኝ ነገር አልነበረም። አባባ ያቺን ጠርሙስ ከወዳጁ ለምኖ ነው ያመጣት፤ መሬት ላይ የፈሰሰውን እያንዳንዱን ጠብታ በዓይኑ ሲሸኝ አየዋለሁ። በእኛ ቤት ደግሞ አባት ሥራ ላይ እያለ አፍ አይከፈትም። ከአሁን ወዲያ በደንብ እይዛለሁ አልኩና ዝም አልኩ። ወዲያው ዘይቱ አለቀ።

ሳር ቤት አካባቢ የሚኖር አንድ ባለታክሲ ዘንድ ላከኝ። ሰውየውን ምሳ ላይ አገኘሁት፤ ጎትጉቼ በሳል መድኃኒት ጠርሙስ ጥቂት ዘይት ሰጠኝ። ሮጬ ስመለስ ሰባት ሰዓት አልፏል። “አንቺ ደክሞሻል፣ እናትሽ ትርገጥ” አለ አባባ። በዕድሜዋ መሪ ነክታ የማታውቀው እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ረገጠች። “ልቀቂ” ሲላት እንኳ “ልልቀቅ?” ብላ ሳትጠይቅ አትለቅም። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠነከረ።

“እልኸኛ አየር ነበር፣ ገና አሁን ለቀቀን” አለ አባባ።

“እኔ ምን አውቃለሁ፤ ያዢ አልከኝ፣ ያዝኩ” አለች እማዬ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሰድቤ አውቃለሁ። እንደዚያች ቃል ግን የቆረጠኝ የለም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረስን። በሩ ላይ አቧራው ገና አልረጋም። “እናቴ፣ ከወጡ ግማሽ ሰዓት አይሞላቸውም” አለን ዘበኛው። ታሞ የቀረ አንድ ምልምል አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። “ታምራት? ትንሽ መኪና ብቅ ባለች ቁጥር ሲነሳ ነው የዋለው” አለ። እማዬ ስንቁን በሙሉ አስታቀፈችው። “ብላ ልጄ፣ ያንተም እናት አልደረሰችም” አለችው።

ስንመለስ አንድ ቁልቁለት ላይ አባባ ፍሬን ያዘ፣ መኪናዋም ቀጥ ብላ ቆመች። ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከታምራት ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ምንም። መንግሥት ተለውጦ ወታደሩ በየመንገዱ ሲመለስ እማዬ በየቀኑ በር ላይ ትቀመጥ ነበር። መርዶ የነገረን ስለሌለ ለቅሶ እንቀመጥ ያላትን ሁሉ ከቤቷ አስወጣች። እንደዚያ እንዳለች ሞተች።

አባባ በታመመ ጊዜ እንደ ወጉ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሁሉንም ይቅር በሉኝ አለ። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ያዘ። “ሙሉ፣ ያን ቅዳሜ ወንድምሽን እንዳታዪው ያደረግኩሽ እኔ ነኝ። በእጄ ሥራ ተማምኜ፣ እናትሽን አልሰማ ብዬ። ይቅር በይኝ።” እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ቤቱ ሰው ሞልቷል፣ ቄሱ ቆመዋል። አንዲት አክስቴ ከኋላዬ ጎሸም አደረገችኝ፤ “በይው እንጂ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይው።” አልኩት። በገዛ ኃጢአቴ አባቴን ይቅር አልኩት፤ እሱም “ተመስገን” ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያናድደኛል። ልጆቼ ይህን ሲያነቡ “የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ” ብለው ሊያጽናኑኝ እንደሚሞክሩ አውቃለሁ። ለድካሜ ይሁን፣ ለእሱ ራሴን ይቅር ብያለሁ። ያላለፈልኝ ሌላው ነው። አምስት ሰዓት ላይ “አባባ፣ እኔ ነኝ የምለቀው” ብል ኖሮ ምን ይደርስብኝ ነበር? ሁለት ጥፊ። ከዚያ መኪናዋን ትተን በአውቶብስ እንሄድ ነበር። እንደርስም ነበር።