ሎሚ የቆፈረችው ጉድጓድ

ልጅ ሳለሁ ተጠራጣሪ ነበርኩ። ሰው ሲስቅ በእኔ ነው የምል፣ በር ሲዘጋ ከኋላው ምን እየተወራ ነው ብዬ ጆሮዬን የምለጥፍ፣ እናቴ «ይቺ ልጅ ወይ ፖሊስ ትሆናለች ወይ ሐሜተኛ» የምትለኝ ዓይነት። ጠባዩ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። የባሰብኝ ግን ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ በነበረው ግቢያችን እስስት ያሳደግሁ ጊዜ ነው።

አባቴ የቡና ችግኝ እያፈላ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ከአጋሮ ያመጣውን ችግኝ ከመኪና ሲያራግፍ፣ ለፀሐይ መከለያ በተደረበው ቅጠል ውስጥ አንዲት እስስት ቅርንጫፍ ጨብጣ ተገኘች። ሊወረውራት ሲል ለምኜ ተቀበልኩት። ቢጫም አረንጓዴም ስለነበረች ሎሚ አልኳት። የዘይቱን ዛፍ ቅርንጫፍ በጣሳ ውስጥ አቁሜ መስኮት ላይ አስቀመጥኳት፤ ፌንጣ እያሳደድኩ አበላኋት። ውሃ በሲኒ ባቀርብላት ዞር ብላም አላየችውም። ቅጠሉ ላይ ስረጭላት ግን ጠብታውን እየላሰች ጠጣች፤ ያኔ የተሰማኝ ኩራት ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ከቤታችን ጀርባ አባ ራያ የሚባሉ በርጩማ የሚጠርቡ ሽማግሌ ነበሩ። ተረት የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ከመግሪብ ሰላት በኋላ መብራት ሲጠፋ፣ ያኔ ደግሞ የሚያስገርመን መጥፋቱ ሳይሆን መምጣቱ ነበር፣ የቀኑን የዋንዛ ፍቅፋቂ ሰብስበው እሳት ያነዱና እኛ በኩራዝ ብርሃን እንከባቸዋለን። ጭሱ እያስለቀሰን፣ ፍሙ እየደበዘዘ ሲሄድ ድምፃቸውም አብሮ ዝቅ እያለ፣ በተረታቸው ጅብ ሲድሩና ዝንጀሮ ሲዳኙ እንሰማለን። የሎሚን ነገር የሰሙ ዕለት ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ሞት ሰነፍ ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ሲሉ እንዲህ ነበር የሚሉኝ። «መቃብር መቆፈር አይወድም። ስለዚህ እስስትን ቀጠረ። ስትራመድ አይተሻታል አይደል? እግሯን አንስታ የምታወዛውዘው መሬቱ ይላላ እንደሆነ እየሞከረች ነው። በአንድ ዓይኗ ሰውየውን ትለካለች፣ በሌላው ቦታውን ትመርጣለች። መልኳን የምትለዋውጠው የምትለካው ሰው እንዳያያት ነው። ለክታ ስትጨርስ ትጠቁራለች፣ ከዛፍ ትወርዳለች፣ ትቆፍራለች። ከዚያ በኋላ ያ ቤት አንድ ሰው ይጎድልበታል።»

እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ያኔ መውለጃዋ ደርሶ ነበር፤ ከእኔ በኋላ የወለደችው ልጅ በተወለደ በዕለቱ ሞቶባታል። «አዑዙ ቢላህ» ብላ ሆዷን በነጠላዋ ሸፍና ገባች።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን እርስ በርሱ የሚሰልል ቤት ሆነ። እናቴ በመስኮቱ በኩል ማለፍ አቆመች፤ ለመውጣት የጓሮውን በር ትዞራለች። መጥረጊያው ግን፣ ይህን እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት፣ በየቀኑ ወደ መስኮቱ እየቀረበ ይቆማል። ትምህርት ቤት ስሄድ ሎሚን ታስወጣብኛለች ብዬ እየጠረጠርኩ፣ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ መስኮቱ እሮጥ ነበር። አባ ራያ ሰላም ሲሉን ዓይናቸው ከእኛ አልፎ ቅርንጫፉን ይቃኛል። ሎሚ ደግሞ በአንድ ዓይኗ እኔን፣ በሌላው ጓዳውን ታያለች፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አንዳንዴ «ማንን ነው የምትለኪው?» እላት ነበር።

ሎሚ ሰንብታ ሆዷ አበጠ። ፌንጣ ሳቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። መልኳ ከሎሚነት ወጥቶ የተቆላ ቡና መሰለ፤ ከቅርንጫፉ እየወረደች መሬት ለመሬት ትንከራተት ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። ለማንስ እናገራለሁ?

ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መስኮቱ ባዶ ነው። «እማዬ ናት!» ብዬ እያለቀስኩ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። እናቴ ከችግኝ መደቡ አጠገብ ሆዷን ይዛ ቆማለች። አባ ራያ መጥረቢያቸውን ይዘው ከጎኗ። ሎሚ በችግኞቹ መሃል ጭንቅላቷን አፈር ውስጥ ቀብራ በፊት እግሮቿ ትቆፍራለች።

«አይንኳት!» ብዬ እጃቸው ላይ ተንጠለጠልኩ።

እናቴ እኔን አላየችኝም። «አባ ራያ፣ ለማን ነው የምትቆፍረው?» አለች፤ ድምፅዋ በጭንቅ ነበር የሚሰማው።

እሳቸው መሬት መሬት አዩ። «አላህ ያውቃል» አሉ።

«ለእኔ ነው ወይስ ለልጁ?»

መጥረቢያው ወደ ላይ ሊነሳ ሲል ሎሚ ከጉድጓዱ ወጣች፣ ቀስ ብላ ዞረች፣ በጭራዋ በኩል ተመልሳ ገባች። ትንሽ ቆይቶ ከሥሯ ነጭ ነገር ወደቀ፤ ከዚያ ሌላ።

«ኢላሊ፣ እዩት! ሱብሃነላህ» አሉ አባ ራያ ጎንበስ ብለው። «እንቁላል ነው።»

እናቴ ቀረብ ብላ አየች። ከዚያ ቁጣዋ መጣ። «እርስዎ ዕድሜ ልክዎን ይህን ሲያወሩ፣ አንድ ቀን እንኳ ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንዳለ አላዩም?»

«አባቴ የነገረኝን ነው የነገርኩት» አሉ፤ መጥረቢያውን ወደ ኋላቸው ደበቁት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ትበላለች?»

«ሰሞኑን ምንም አልበላችም።»

«እኔም አልበላሁም» አለች።

የአባ ራያን በርጩማ አስመጥታ እዚያው ተቀመጠች። ሎሚ አፈሩን መልሳ እስክትደፍን ድረስ በዚያ መጥረጊያ ዶሮዎችን ስታባርር ዋለች። ስትጨርስ ሎሚ ወደ አጥሩ ገብታ ቀረች፤ ልፈልጋት አልሄድኩም። እናቴም ብዙ ሳትቆይ እህቴን በሰላም ወለደች። አባ ራያ ተረቱን አልተዉትም፤ እናቴ ካለች ግን የጅብ ሠርግ ነው የሚያወሩት።

ከተረቱ ይልቅ ከእኔ ጋር የቀረው ያ «እኔም» የሚለው ቃል ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ እስስቴን ከእናቴ እጠብቃለሁ ስል፣ እሷ በዚያው ቤት፣ በዚያው ማዕድ፣ ሞቷን ስትጠብቅ ነበር፤ ሳህኗ ሳይነካ ሲነሳ አይቻለሁ፣ የጠረጠርኩት ግን መጥረጊያውን ነው። ዛሬም ተጠራጣሪ ነኝ፣ አልተውኩም። ነገር ግን አጠገቤ ያለ ሰው ዝም ብሎ ምግቡን ሲገፋ ካየሁ፣ ከሁሉ በፊት «ምን ፈርተህ ነው?» እላለሁ።