ከግማሹ የሚጠፋው ዘፈን

ባቡሩ በመርካቶ በኩል ማለፍ በጀመረ በዓመቱ ገደማ፣ አረፋ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የሆነ ነገር ነው። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት እጄ ስለሚያስታውሰኝ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ መጨረሻ ላይ እደርስበታለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

እኔ ያረጀሁት መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ካሴት ስሸጥ ነው። ካሴት ሲቀር ሲዲ ሸጥኩ። ሲዲም ሲቀር ሱቋን መዝጋት አልሆነልኝም፤ የስልክ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ደረደርኩባት። ከድሮው ዕቃ የተረፈኝ በር ላይ የማቆመው ሞንታርቦ ብቻ ነበር። ትልቅ ነው፤ ሲጮህ ማዶ ያለው ሱቅ ድረስ ይሰማል።

ከጎኔ ራህመት ጀሪካንና የፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች። ሀያት የእህቷ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ራህመት ናት። ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ሱቅ ትውላለች፣ ዘፈንም ትዘፍናለች። ከጓደኞቿ ጋር በከበሮና በክራር አንድ ዘፈን ሠራች። አሳታሚ የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ዘፋኞች ሥራቸውን ራሳቸው በሚያወጡበት አንድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ጫነችው። ሰው ባደመጠው ቁጥር ገጹ ይቆጥርላታል፤ ብዙ የተደመጠ ዘፈን ወደ ፊት ይወጣና ሁሉም ያየዋል። ያስረዳችኝ እንዲህ ብላ ነው። የሷን ግን ከዘመድ በቀር ያደመጠው አልነበረም።

አጎቷ ደግሞ ሐዋሳ ሱቅ ሊከፍት ነው። ከአረፋ በኋላ ሀያት ሄዳ ሱቁን እንድትይዝ ተወስኗል። ራህመት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ልጅቷ በከንቱ ስትባክን ማየት ነው የፈራችው። ሀያት ብትለምናት ብትለምናት እንዲህ አለቻት፦

«ዘመድ ያልሆነ፣ ጎረቤት ያልሆነ፣ የማላውቀው ሰው ዘፈንሽን ከኢንተርኔት ሰማሁ ይበለኝ፤ ትቀሪያለሽ። ካልሆነ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ዘፈኑን አሰሚኝም አላለቻት። የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነበር።

ሀያት አላለቀሰችም። የስልኳን ገመድ ይዛ መጣችና «ጋሼ ደግፌ፣ ሞንታርቦዎ ላይ ልሰካው?» አለችኝ።

«ሰኪው» አልኳት። የገጹን አድራሻ ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋ የሱቄ በር ላይ ሰቀለችው።

ዘፈኑ ታሪክ አለው። አንዲት ልጅ ወንድሟን ፍለጋ ከገጠር መርካቶ ትመጣለች። ከሱቅ ሱቅ እየዞረች ትጠይቃለች፣ የሚያውቀው የለም። ተስፋ ቆርጣ ልትመለስ ስትል አንድ ሰው ከኋላዋ በስሟ ይጠራታል። እዚህ ላይ ከበሮው ይለወጥና ሁለተኛው ግማሽ ይጀምራል።

ያን ቀን ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ መንገደኛው በየበረንዳው ተጠልሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀቅነው። ልክ ልጅቷን በስሟ ሲጠሯት መብራት ጠፋ።

በረንዳዬ ላይ አንድ እስር ብርድ ልብስ የተሸከመ ሰው ቆሞ ነበር። ሸክሙን እንኳ ሳያወርድ ዞር አለና «ፋዘር፣ ማን ነው የጠራት?» አለኝ።

«መብራት ሲመጣ ትሰማለህ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እሱን እኔም አላውቅ።»

ሰውየው ካርቶኑን አየ። ሸክሙን አወረደ፤ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። አጠገቡ የነበሩትም አንገታቸውን ወደ ስልኩ አሰገጉ።

ድሮ የምንሠራበት ዘዴ ያኔ ትዝ አለኝ። አዲስ ካሴት ሲመጣ በር ላይ እንለቀውና ጥሩው ቦታ ላይ ሲደርስ እናጠፋዋለን። ቀሪውን የፈለገ ሰው ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መብራት ባይጠፋም እኔ ማጥፋት ጀመርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ልጅቷ በስሟ ስትጠራ፣ ቀጭ።

ጎረቤቱ ሊያብድ ደረሰ። ማዶ ያለው ጨርቅ ነጋዴ «ጋሼ ደግፌ፣ ወይ ያስጨርሷት ወይ ይማሯት» ይለኛል። ሌላው «ሞንታርቦው ጥርሱ ረግፏል» ይላል። ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑት ጎረምሶች ሙሉውን ስጠን ብለው ለመኑኝ፤ እምቢ አልኩ። በሚሞሪ የተሰማ ዘፈን ገጹ ላይ አይቆጠርላትም።

ሀያት ራሷ ከፋት። «ጋሼ፣ ዘፈኔን እኮ አንገቱን ቆረጡት» አለችኝ።

«ታገሺ» አልኳት።

ራህመት ከሱቋ ሆና «ሙሉ ዘፋኝ መሆን ሲያቅታት ግማሽ ሆነች» እያለች ትስቃለች። እኔም ማጥፋቴን አልተውኩም። ገጹ ላይ ያለው ቁጥር ቀስ በቀስ ከፍ እያለ መጣ። ራህመት ግን የቁጥር ሰው አልነበረችም። ሰው አምጡ ነው ያለችው።

አረፋ ተቃረበ። አገር ቤት የሚገባው ሁሉ ይሸምታል፤ መርካቶ መቆሚያ የለውም። የሀያት ሻንጣ ከጀሪካኖቹ አጠገብ ተቀምጧል። ራህመት «ጋሼ ደግፌ፣ እስቲ ይምጡ» ብላ ጠራችኝ። ድምጿ የቁጣ ነበር። ስገባ አንድ ትናንት ከወራቤ የመጣ ነጋዴ የገዛውን ጀሪካን በሲባጎ ያስራል።

«ይህን ሰው እርስዎ ነዎት የላኩብኝ?»

«ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አልኩ።

«የሀያትን ዘፈን ያንጎራጉራል።»

ሰውየው ግራ ገባው። «የማን እንደሆነ አላውቅም። መሳለሚያ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ከኢንተርኔት ከፍታ ታዳምጥ ነበር። ደስ አለኝና ድገሚው አልኳት። ምን አጠፋሁ?»

«ውሸት ነው። ከጋሼ ደግፌ በር ላይ ነው የያዝከው» አለችው።

«እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረህ አንጎራጉርልን» አልኩት።

አፈረ፤ ግን ቀስ ብሎ ጀመረው። በስሟ የምትጠራበት ላይ ሲደርስ አላቆመም፤ ወደ ሁለተኛው ግማሽ አለፈ። ከበሮው ከተለወጠ በኋላ ያለው፣ በዚያ ሞንታርቦ አንድም ጊዜ ወጥቶ የማያውቀው።

ራህመት ወደ ሰውየው ጠጋ አለች። ሳትፈልግ ስትሰማው የከረመችው የፊተኛውን ግማሽ ነው፤ ይሄኛው ለጆሮዋ አዲስ ነው።

ሰውየው ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል፣ «እኔ እኮ የጠራት ወንድሟ መስሎኝ ነበር» አለ።

ራህመት ቀና አለች። «ወንድሟ አይደለም እንዴ?»

ሀያት ከጀርባ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ራህመት አንድ ባልዲ ገለበጠችና ተቀመጠችበት። «አምጪው ስልኩን» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ ደግፌ፣ ወላሂ እንዳይነኩት።»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሰውየውም ሲባጎውን ትቶ አብሮን ሰማ። ሲያልቅ ራህመት ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «ያን ሻንጣ ከመንገድ አንሺ፤ ደንበኛ ያደናቅፋል» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ሐዋሳ ሌላ ዘመድ ሄደ።

ሀያት በአንድ ቀን ዝነኛ ሆነች አልላችሁም። ጀሪካን ስትሸጥ ትውላለች፣ ማታ ማታ ትለማመዳለች፣ ሲደርስላት እዚያው ገጽ ላይ ታወጣለች። አሁን የሚያደምጧትን ሰዎች እሷም እኔም አናውቃቸውም። ይህ ነው ደስ የሚለኝ።

እኔ ያ ዘፈን በሄድኩበት ይገጥመኛል። ልጅቷ በስሟ ስትጠራ እጄ ሳላዘው ማጥፊያ ፍለጋ ይነሳል። በቀደም ሚኒባስ ውስጥ እንዲሁ ሲነሳ ረዳቱ አየኝና «ፋዘር፣ ወራጅ ነዎት?» አለኝ። አይደለሁም ብዬ እጄን መለስኩ። መውረጃዬ ደርሶ ነበር ግን፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ብዬ አንድ ፌርማታ አለፍኩ።

ማን እንደጠራት እዚህ ላይ አልጽፍላችሁም። ስልካችሁን ክፈቱና ስሙት።